ከመጫናችን በፊት ካርዱን እንይ



ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ በጀማዓችን ውስጥ «ሊኑክስ ጫንበት» የሚለው ምክር በዝቷል። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የወጣ መሆን አለበት። ብዙዎቻችን የያዝነው ግን ውጭ አገር ሲሠራበት ቆይቶ የመጣ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ቢበዛ ሰባተኛ ትውልድ የሆነ ኤችፒ፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ነው። ማሽኑ ገና ዓመታት ይሠራል፤ ዊንዶውስ ግን ጥሎት ሄዷል።

ሁለተኛው ምክንያት የሐቅ ጉዳይ ነው። ካምፓስ ውስጥ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስና ኦፊስ ያልተጫነበት ላፕቶፕ ማግኘት ይከብዳል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው አምስተኛ ጉባኤው የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ እንደሆኑና እነሱን መዳፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። ይህን አንሥተው «ሐላሉ ዊንዶውስ ሊኑክስ ነው» እያሉ የሚቀልዱ ወንድሞች አሉን። ቀልዱም ቁም ነገሩም ደስ ይለኛል።

ቅሬታዬ ከምክሩ በኋላ በሚመጣው ነገር ላይ ነው። አንድ ወንድም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ይጭናል፤ «ባረከላሁ ፊክ» ተብሎ ይሄዳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የላፕቶፑ ባለቤት ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጧል። ነገ የሚያስረክበው አሳይመንት አለ፤ የጫነለት ሰው ደግሞ ፈተና ላይ ነው። በሳምንቱ ላፕቶፑ ፎርማት ቤት ገብቶ ክራክ ዊንዶውስ ተጭኖበት ይወጣል፤ አንዳንዴም ሌላ ቦታ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ያ ተማሪ ከዚያ በኋላ ስለ ሐቅም ሆነ ስለ ክፍት ሶፍትዌር ቢነገረው ጆሮ አይሰጥም። እንዲሰጥም አልጠብቅም።

ስለዚህ አቋሜን በአጭሩ ልናገር፦ የማሽኑን የግራፊክስ ካርድ ሳያይ ሊኑክስ የሚጭን ሰው ባይጭን ይሻላል፤ የጫነም ምን ላይ ምን እንደጫነ ጽፎ ይተው።

ይህን የምጽፈው ቀጨኔ ካለች የኪራይ ክፍሌ ነው። ማታ ማታ ላፕቶፕ በቦርሳ ይዘው ብቅ የሚሉ ተማሪዎች አይጠፉም፤ ከሚያመጡት ችግር አብዛኛው የስክሪንና የግራፊክስ ነው። ቀጨኔን የሚያውቅ ሰው ሸክላ ሠሪዎቿንና ሽማኔዎቿን ያውቃል። ጀበና ወይም ምጣድ የሚገዛ ሰው ዕቃውን አንሥቶ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ስንጥቅ ካለበት ድምፁ ያስታውቃል። ሳያንኳኳ ገዝቶ ቡናው እሳት ላይ ከፈሰሰበት ማንም አያዝንለትም። ላፕቶፕም ይንኳኳል። ኡቡንቱም ሚንትም ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ ይነሳሉ። በዚያው ላይ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ነው፦ ቪዲዮ ከፍቶ ማየት፣ ክዳኑን ዘግቶ ሲከፈት ስክሪኑ መመለሱን ማረጋገጥ፣ የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን መሞከር፣ ገመድ ሰክቶ ሌላ ስክሪን ላይ ማውጣት። ከዚያ ተርሚናል ላይ ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ካርዱ የማን እንደሆነ ማንበብ። ይህ ሳይደረግ «ጫን» የሚለውን መንካት የለብንም።

የካርዱ ስም ይህን ያህል የሚያስፈልገው ሦስቱ አምራቾች ከሊኑክስ ጋር ያላቸው ግንኙነት የሰማይና የምድር ያህል ስለሚለያይ ነው። ኢንቴል ብቻ ያለው ማሽን ላይ ችግር ብርቅ ነው። ድራይቨሩን ኢንቴል ራሱ ይጽፋል፤ ኮዱ ክፍት ነው፤ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ድራይቨር ፈልገህ አውርድ የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ኤኤምዲም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የቺፖቹን ሰነዶች ለክፍት ድራይቨር ጸሐፊዎች መልቀቅ ጀመረ፤ ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው ድራይቨር ደግሞ በ2015 ከርነል 4.2 ውስጥ ገባ። ለቆዩት ካርዶች ራዲዮን የሚባለው ድራይቨር አለ፤ እሱም ከከርነሉ ጋር ይመጣል።

የቀረው ኤንቪዲያ ነው፤ አብዛኛው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ለረጅም ዘመን የድራይቨሩን ኮድ ዘግቶ ቆየ። በጎ ፈቃደኞች የካርዶቹን አሠራር ከውጭ እየመረመሩ ኑቮ የተባለ ክፍት ድራይቨር ጻፉ፤ ስሙ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በወጡት የጂቲኤክስ 900 ካርዶች ላይ ግን ኤንቪዲያ የራሱ ፊርማ የሌለበትን ፈርምዌር የማይቀበል ቁልፍ አደረገ፤ ስለዚህ ኑቮ በእነዚያ ካርዶች ላይ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ አልቻለም። የሊኑክስ ከርነል ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ በሚገኘው አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ኩባንያውን በካሜራ ፊት በጣት ምልክት ሰደበ። አዳቡ አይወደድም፤ ብስጭቱ ግን ይገባኛል። በግንቦት 2022 ኤንቪዲያ የከርነል ክፍሉን ኮድ ከፈተ። ጥሩ ነው፤ የተከፈተው ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ለወጡት ካርዶች ነው። በእኛ ተማሪ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ከዚያ የቀደሙ ናቸው። በሩ ሲከፈት እኛ ጋ ያለው ዕቃ ቀድሞ አልፎ ነበር።

ለእነዚህ የቆዩ ካርዶች የተዘጋው ድራይቨር በየቁጥሩ ተከፋፍሏል። ፌርሚ የሚባለው ትውልድ 390 የተባለውን ይፈልጋል፤ የእሱ ድጋፍ በ2022 አበቃ። ኬፕለር 470ን ይፈልጋል፤ ያም በ2024 አበቃ። ማክስዌልና ፓስካል ደግሞ 580 የመጨረሻቸው ነው። «አበቃ» ሲባል ዛሬ የሚሠራው ነገ ይቆማል ማለት አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተዘጋው ድራይቨር ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር እንደገና መገጣጠም አለበት። ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ ከርነሉ 5.15 ነበር፤ ዴስክቶፑ ግን ከጊዜ በኋላ በማሻሻያ እስከ 6.8 ድረስ ሄደ። አምራቹ የተወው ድራይቨር ከአዲሱ ከርነል ጋር አልገጥም ሲል ማሽኑ በማግስቱ ጥቁር ሆኖ ይነሳል። ባለቤቱ «ምንም አልነካሁም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ማሻሻያው ነው የነካው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚደረገው ማሽኑ ሲነሳ በሚመጣው ዝርዝር ላይ ቀድሞ የነበረውን ከርነል መርጦ መግባት ነው። ዝርዝሩ ካልታየ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ መጫን ነው። ፎርማት ቤት የሚወስድ ምንም ምክንያት የለም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ኖ-ሞድ-ሴት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ላይ የሚጻፍ ቃል ነው፤ ሲነሳ ስክሪኑ ከጠቆረ በመነሻው ዝርዝር ላይ ኢ ፊደልን ተጭኖ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ይሠራል፤ ስክሪኑ ይበራል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ ቃሉን ቋሚ አድርገውት ይሄዳሉ። ይህ ቃል ግን ለከርነሉ የሚናገረው «የግራፊክስ ድራይቨሩን አታንሳ» ብሎ ነው። ኢንቴሉም አብሮ ይተኛል። ሥዕሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይሸከማል፤ ማሽኑ ይግላል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ቪዲዮ ይንተባተባል። «ሊኑክስ ከበደኝ፣ ዊንዶውስ ይሻለኛል» ካሉኝ ተማሪዎች ጥቂቶቹ ላይ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ማሽኑ የሚናገረውን ገጽ ክፈቱ፤ ግራፊክስ በሚለው ፊት ለፊት የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ስም በመታየት ፈንታ ኤልኤልቪኤም-ፓይፕ የሚል ካለ ካርዳችሁ ሥራ ፈት ተቀምጧል ማለት ነው። ኖ-ሞድ-ሴት ለአንድ ቀን መግቢያ ነው፤ ከገቡ በኋላ ትክክለኛውን ድራይቨር ጭኖ ቃሉን ማጥፋት ያስፈልጋል።

ሴኪዩር ቡት ደግሞ አለ። ኡቡንቱ ሲጫን የሌላ አምራች ድራይቨር ከመረጣችሁ የይለፍ ቃል ያስገባችኋል። ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ ያንኑ ቃል ጠይቆ ድራይቨሩን ሊያጸድቅ ነው። ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ስለሚቆይ ብዙ ሰው ቫይረስ መስሎት ወይም ሳያየው ያልፈዋል። ከዚያ ድራይቨሩ ተጭኗል፣ አይነሳም፤ ስህተቱም የት እንዳለ አይታይም። የጫነ ሰው እስከዚህ ገጽ ድረስ ሳይቆይ መሄድ የለበትም።

አሁን ወደ ዲፌንስ ቀን እንምጣ። ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ከዲፌንሷ በፊት በነበረው ማታ ላፕቶፗን ፕሮጀክተር ላይ ልትሞክር ሰክታ ምንም አልታይ አላት። ማሽኑ ሁለት ካርድ ያለው ነበር፤ ባትሪ እንዲቆይላት የኤንቪዲያው ካርድ ተዘግቶ በኢንቴሉ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎላታል። ምክሩ በራሱ ትክክል ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚጽፍ ሰው ኢንቴሉ ይበቃል። ነገር ግን በብዙ ባለ ሁለት ካርድ ላፕቶፖች ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው የተያያዘው ከኤንቪዲያው ጋር ነው። ካርዱ ሲዘጋ ቀዳዳው አብሮ ይዘጋል። ይህን የነገራት አልነበረም። መልሶ መክፈቱና ሪስታርት ማድረጉ ደቂቃዎች አልፈጀም፤ አልሐምዱሊላህ በማታ ነበር። ጠዋት ፈታኞች ፊት ቢሆን ኖሮ የአራት ዓመት ድካም ከገመድ ጋር ሲታገል በታየ ነበር። የዚህ ዓመት ተመራቂዎች ይህን አንቀጽ ሁለቴ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ሁሉም ችግር የድራይቨር እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ስክሪኑ ላይ መስመር ወይም ነጠብጣብ የሚታየው ገና የአምራቹ ምልክት ሲወጣ፣ ባዮስ ውስጥም ከሆነ፣ ሊኑክስም ዊንዶውስም ገና አልጀመሩም፤ ስለዚህ ደጋግሞ መጫን ጊዜ ማባከን ነው። ሌላ ስክሪን ስካበት። ውጭኛው ንጹሕ ሆኖ የላፕቶፑ ከተበላሸ ነገሩ ፓነሉ ወይም ገመዱ ነው፤ በአነስተኛ ወጪ ሊቀየር ይችላል። ሁለቱም ላይ ያው መስመር ከታየ ቺፑ ራሱ ታሟል ማለት ነው። የግራፊክስ ቺፕን አሙቆ መልሶ ለማጣበቅ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ባለ ሁለት ካርድ ማሽን መሆኑን እዩ፤ ከሆነ የታመመውን ዘግቶ በኢንቴሉ መኖር የሚቻልበት ጊዜ አለ። ሙቀት ሰጥተው የሚመልሱት ቺፕ ደጋግሞ ሲመለስ አይቻለሁና ለዚያ ሥራ ብዙ ገንዘብ እንዲወጣ አልመክርም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እውቀት ጀማዓችን ውስጥ የለም አይባልም። አለ። ችግሩ ከሚያውቀው ልጅ ጋር አብሮ መመረቁ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ነገሩን ይለምደዋል፤ አምስተኛ ዓመት ላይ ጋውን ለብሶ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ፍሬሽ ከዜሮ ይጀምራል። ቀጨኔ ውስጥ ሽመናውም ሸክላውም ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲሸጋገር ኖሯል፤ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ እያየ ያድጋል። እኛ ያን ያህል ጊዜ አብረን አንቀመጥም፤ ስለዚህ ለእኛ የሚያዋጣን መጻፍ ነው።

መጻፍ ያልለመድንበት ምክንያት ሌላም ይመስለኛል። ካልኩለስ የሚያስጠና ወንድም ስሙ በአክብሮት ይነሳል። ላፕቶፕ የሚያስተካክለው ግን «ያ ፎርማት የሚያደርገው ልጅ» ነው፤ በሌሊትም ይደወልለታል። አገራችን ባለ እጅን እንዲህ ማየት የቆየ ልማዷ ነው። የቀጨኔ ባለ ሙያዎች ስንት ስም እንደወጣላቸው የሰፈሩ ሰው ይነግራችኋል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ከዚህ ይታያል። እኛ ደግሞ ይህን ልማድ ለመከተል የመጨረሻዎቹ መሆን ነበረብን፤ በጎንደር ዘመን መሬት የተከለከሉት ሙስሊም አያቶቻችን ይኖሩ የነበረው በንግድና በሽመና ነው። ሥራው እንደ ሥራ ከተቆጠረ መዝገብም ይኖረዋል፣ ሰዓትም ይኖረዋል፣ «አመሰግናለሁ» የሚልም አይጠፋም።

አንዳንድ ወንድሞች «ካርድ፣ ከርነል፣ ሴኪዩር ቡት እያልክ ሰውን አታስፈራራ፤ መጀመሪያ ይግባ፣ ቀስ ብሎ ይለምዳል» ይሉኛል። አላምንበትም። የሚያስፈራው በፈተና ሳምንት የጠቆረ ስክሪን ነው። አንዳንድ ማሽን ላይም «ላንተ አይሆንም» ማለት መቻል አለብን። ሦስት ዲ ሞዴል የሚሠራ የአርክቴክቸር ተማሪ፣ ካርዱ ፌርሚ ወይም ኬፕለር ሆኖ፣ ፕሮግራሙም ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሊኑክስ ጭነንለት ምን እናደርገዋለን? ላይብረ ኦፊስ ላይ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚያይ ሰው ግን ያው ማሽን በኢንቴሉ በኩል ሸጋ ሆኖ ይሠራል።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ደብተር ነው። ሙሰላው ጥግ ካለው የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ፎቶው በቴሌግራም ቻናላችን ይውጣ። በየገጹ የማሽኑ ሞዴል፣ ካርዱ፣ የተጫነው ሥርዓትና ከርነል፣ ያጋጠመው ችግር፣ የተፈታበት መንገድና ቀኑ ይጻፍ። የባለቤቱ ስም አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ልጀምር፦ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ኢንቴል ብቻ ያለው፣ ምንም ድራይቨር አይፈልግም። ቲንክፓድ ቲ440ፒ፣ ጂቲ 730ኤም ያለው፣ ለጽሑፍ ሥራ ኢንቴሉ ይበቃዋል፤ ኤንቪዲያው ካስፈለገ 470፣ ከርነሉም እንዳይቀየር ይያዝ። ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430፣ ኤንቪኤስ 5200ኤም ያለው፣ ፌርሚ ነው፤ የተዘጋውን ድራይቨር ፍለጋ አትድከሙ። አራተኛው መስመር ምን እንደሚሆን ከመጪው ጁሙዓ በኋላ እናያለን፤ ፍላሹን እኔ አመጣለሁ፣ ትርፍ ስክሪንና የኤችዲኤምአይ ገመድ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።